ስለ ትንሿ የራዲዮ አይሮፕላን አገጣጠምና ስለ ገላን ስስ አየር

ተቆራርጣ በሳጥን የምትመጣ፣ ተገጣጥማ ካለቀች በኋላ በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አይሮፕላን መሥራት ከሩቅ ለሚያየው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኛ ሦስት ተማሪዎችም ሥራውን ስንጀምር ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረንም። ነገር ግን በገላን ኮንዶሚኒየም፣ መጀመሪያ በአንደኛው ጓደኛችን ቤት በአራተኛው ፎቅ፣ ቀጥሎም ነዋሪው «ኮሙናል» በሚለው የጋራ መገልገያ ሕንጻ ውስጥ ሦስት ወር ከደከምን በኋላ አንድ ነገር ተረዳን። ይኸውም ከሳጥኑ ጋር የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ስሕተት ሳይኖርበት ለእኛ ቦታ የማይስማማ መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ምክንያት ማስረዳት ነው። ስለ አገጣጠሙም ነገሩን ላልሞከረው አንባቢ የሚበቃ ያህል እንናገራለን።

ገላን በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የአቃቂ ሜዳ ለአይሮፕላን ሥራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአገራችን የመጀመሪያዋን አይሮፕላን የሠራው በዚሁ በአቃቂ ነው። «ኢትዮጵያ 1» የተባለችው ይህች አይሮፕላን በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተብላ ተጠርታለች። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ከወረረች በኋላ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፣ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የኢጣልያ አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ስትታይ ኖራ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተሰጥታለች። እኛ የምንሠራት የጠረጴዛ ርዝመት ያላት ነገር ከፀሐይ ጋር የምትነጻጸር አይደለችም። ሆኖም ሁለቱም ሊነሡ የሚገባቸው ከአንድ ሜዳና ከአንድ ስስ አየር ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ያገኘነው ባልሳ የተባለ እጅግ ቀላል እንጨት፣ ጥቂት ቀጫጭን ኮምፔርሳቶ፣ የሽቦ እግር፣ ክንፉን የሚያለብስ ስስ ፕላስቲክ፣ ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር፣ የኤሌክትሪክ ሞተርና በእውነተኛው መጠን የተነደፈ ሥዕል ነው። ባልሳ በደቡብ አሜሪካ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ አንዱ ሜትር ኩብ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ያው መጠን ውሃ 1,000 ኪሎ ነው። በመጽሐፉ መሠረት የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ60፣ ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ሁሉ ነገር ተገጥሞ ሲያልቅም ክብደቷ 1,800 ግራም ነው። ይህንን የመጨረሻ ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

የአካሏ ሥራ አላስቸገረንም። ጎኖቹ በመኪና ተቆርጠው የመጡ ስለሆነ እንደ ሳጥን ተያይዘው በሁለት ማታ አለቁ። ያስቸገረን ክንፉ ነው። ሥዕሉ በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ኮላው እንዳይጣበቅበት በላዩ ፕላስቲክ ይለብሳል፤ እንደ ቤት ወራጅ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው ዘንግ በስፒል ተወግቶ ይያዛል፤ ከዚያ ጎድኖቹ አንድ በአንድ በላዩ ይቆማሉ። ጠረጴዛው ጠማማ ከሆነ ክንፉም ጠማማ ይሆናል። የእኛ የምግብ ጠረጴዛ ቀጥ ያለ መስሎን ሠርተን ኮላው ሲደርቅ ብናነሣው፣ የግራው ክንፍ ጫፍ በ4 ሚሊ ሜትር ተጠማዞ ተገኘ። አራት ሚሊ ሜትር ለበር ምንም አይደለም፤ ለክንፍ ግን አይሮፕላኗን ዘወትር ወደ አንድ ወገን የሚገለብጥ ጉድለት ነው።

ከዚህ ያወጡን አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። ከበረንዳው ሆነው ጭቅጭቃችንን ሰምተው፣ ቤታቸው ሲታደስ የተነቀለ አንድ ልሙጥ በር በኮሙናሉ ግድግዳ ተደግፎ እንደሚገኝ ነገሩን። በሩን በአራት ብሎኬት ላይ አጋድመን በክር ብንለካው ከጠረጴዛው እጅግ የተሻለ ሆነ። እማማ ሥራውን መጥተው ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ይኸ ሰው ይጭናል?» ብለው ጠየቁን። አይጭንም ብንላቸው «እንኳንም አልጫነ» ብለው ወደ ባቄላ ንፍሯቸው ተመለሱ። ስለዚህ ንፍሮ ኋላ እንመለስበታለን።

የተጠማዘዘውን ክንፍ ፈትቶ እንደገና መሥራት ይገባ ነበር። እኛ ግን ሌላ ባልሳ ስለሌለን በውሃ እንፋሎት አቃንተን፣ እንዳይመለስም በሦስት ቦታ ኮምፔርሳቶ ደረብንበት። ሁለቱ ክንፎች የሚጋጠሙበትንም መካከል «ይጠንክር» እያልን ኮላ አጠገብነው። የሽቦው እግር ቀጭን መስሎን ከገበያ በተገዛ ወፍራም ሽቦ ለወጥነው። ፕላስቲኩን በካውያ ስናለብስ ስለ ተጨማደደብን በላዩ ሁለተኛ አለበስን። በየጊዜው የጨመርነው ነገር ሁሉ ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዱም ጥሩ ምክንያት ነበረን። መጨረሻ ላይ በወጥ ቤት ሚዛን ስናስቀምጣት 2,080 ግራም ሆነች። ከመጽሐፉ 280 ግራም በልጣለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህ አላስጨነቀንም፤ እንዲያውም ጠንካራ ነገር ሠራን ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ሞተር ሳይነሣ በእጅ ተወርውራ ስትንሸራተት ማየት የመጀመሪያው ፈተና ነው። እኩለ ቀን ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የታረሰ መረሬ ማሳ ሄደን፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ከመካከላችን ጉልበት ያለው ሮጦ ወረወራት። ጥቂት ርምጃ እንኳ ሳትሄድ በአፍንጫዋ ወደቀች። መጽሐፉን ገልጠን ብናይ «አፍንጫዋን ከደፋች ክብደቱ ወደ ፊት በዝቷል» ይላል። ስለዚህ ባትሪውን ወደ ኋላ ገፋነው። በሁለተኛው ውርወራ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የቀኝ ክንፏን ጥላ ተከሰከሰች። የክንፉ ጫፍ ተሰበረ፤ የፊት ግድግዳዋም ተሰነጠቀ። ያለን ሳጥን አንድ ብቻ ስለሆነ ያን ቀን ስብርባሪውን ለቅመን ስንመለስ ሥራውን ለመተው የቀረን ጥቂት ነበር።

ስሕተታችን ሁለት ምልክቶችን አለመለየታችን ነው። የክብደቱ መካከል መጀመሪያም በቦታው፣ ማለት ከክንፉ የፊት ጠርዝ በ7 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። አፍንጫዋን የደፋችው ስለ ከበዳት ሳይሆን ፍጥነት ስላነሣት ነው። ክንፍ አይሮፕላንን የሚሸከምበት ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ከክንፉ ስፋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ለማንኛዋም አይሮፕላን ከዚያ በታች ክንፉ ሊሸከማት የማይችልበት ፍጥነት አለ፤ እኛ የመውደቂያ ፍጥነት እንለዋለን። አየሩ ሲሳሳ ይህ ፍጥነት ከፍ ይላል፤ ክብደት ሲጨመርም እንዲሁ ነው። እኛ ሁለቱንም በአንድ ላይ አመጣንባት።

በባሕር ወለል አንዱ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በገላን ከፍታ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ፣ ስሌቱ 0.95 ገደማ ይሰጣል፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ 0.91። እንግዲህ ማለዳ 22 ከመቶ፣ ቀትር ላይ 26 ከመቶ የሚሆነው አየር ጎድሏል ማለት ነው። የእማማ ባቄላም በከሰል ላይ ግማሽ ቀን የሚፈጀው በዚሁ ነገር ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ፈልቶ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህንን በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በፈተናም ጽፈነዋል። ለክንፍም እንደሚሠራ ግን ክንፉ እስኪሰበር ድረስ አላሰብንም።

የመጽሐፉ አይሮፕላን በ1,800 ግራም በባሕር ወለል የመውደቂያ ፍጥነቷ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ያችው አይሮፕላን አንድ ግራም ሳይጨመርባት በገላን ማለዳ ወደ 32 ትጠጋለች። የእኛዋ በ2,080 ግራሟ ማለዳ 34፣ በዚያ ቀትር ደግሞ 35 ገደማ ያስፈልጋት ነበር። ሰው ሮጦ በእጁ ሲወረውር ይህን ፍጥነት መስጠት እጅግ ይቸግረዋል። የመጽሐፉን 28 ኪሎ ሜትር በገላን ለማግኘት የሚያስፈልገው ክብደት ቢሰላ 1,400 ግራም ነው። አንባቢ እንደሚያየው፣ «ይጠንክር» እያልን የጨመርነው በተቃራኒው መንገድ ነው። ያጠነከርነው ነገር በከባድ ፍጥነት መሬት እንዲመታ አደረግነው እንጂ ከመሰበር አላዳነውም።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን መጨመር ሳይሆን መቀነስ ሆነ፤ በእኛ አስተያየት ከመግጠም ይልቅ ይህ ይከብዳል። ሁለተኛውን ፕላስቲክ ላጥነው። ኮምፔርሳቶውን ከሁለት ቦታ አነሣን፤ ሦስተኛው ክንፉን በእርግጥ ስለሚይዝ ተውነው። ወፍራሙ ሽቦ ወጥቶ የሳጥኑ ሽቦ ተመለሰ። የደረቀውን ኮላ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፤ በጎኖቿና በጭራዋ ላይ ሸክም በማይኖርበት ቦታ ቀዳዳ አወጣን። ባትሪው ሦስት ሴል ያለው እንደ ሆነ ቀርቶ መጠኑ ባነሰ ተተካ፤ በዚህ የበረራው ጊዜ እንደሚያጥር እናውቃለን። እያንዳንዱን የተነሣ ነገር እየመዘንን በደብተር ጻፍን። ሚዛኑ 1,540 ግራም ሲል አቆምን፤ ከዚያ በታች ብንሄድ ክንፉን ራሱን ማሳሳት ይሆናል። በዚህ ክብደት የማለዳው የመውደቂያ ፍጥነት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ፕሮፔለሩም ይህንኑ ስስ አየር የሚይዝ ክንፍ ስለሆነ፣ በአንድ ዙር ፍጥነት የሚሰጠው ግፊት በ22 ከመቶ ይቀንሳል። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ቢሆን የሚያቃጥለውም አየር ስለሚጎድልበት ጉዳቱ እጥፍ በሆነ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ስለዚህ በ10 ኢንቹ ፈንታ ባለ 11 ኢንች ገጠምን። ይህን የሚያደርግ ሰው አይሮፕላኗን አስሮ፣ ሞተሩ የሚስበውን አምፔር በመለኪያ ማየትና ከተፈቀደለት በላይ አለመሄዱን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩን ያቃጥላል።

ስለ ራዲዮው ብዙ የሚባል የለም። ማሠራጫው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል፤ በአይሮፕላኗ ሆድ ያለው ተቀባይ ትእዛዙን ሰርቮ ለሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች ያስተላልፋል፤ እነርሱም የክንፉንና የጭራውን መዝጊያዎች በሽቦ ይስባሉ። ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው አቅጣጫው ነው። እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ክንፍ መዝጊያ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። የእኛ ተገልብጦ ነበር፤ ያወቅነውም ከአይሮፕላኗ ኋላ ቆመን ጮክ ብለን እየተናገርን በፈተንን ጊዜ ነው። በአየር ላይ ቢሆን ኖሮ ለማረም ጊዜ አይገኝም።

ባለፈው ማለዳ፣ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ፣ በዚያው ማሳ ላይ እንደገና ወረወርናት። ክንፏን ሳትጥል፣ አፍንጫዋንም ሳትሰቅል ሃያ ርምጃ ያህል ተንሸራታ በሆዷ ዐረፈች። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ በሦስተኛው ትንሽ ወደ ግራ ስላዘነበለች የጭራዋን መሪ በጥቂቱ አስተካከልን። የተረፈው የዚያ 4 ሚሊ ሜትር ርዝራዥ ሳይሆን አይቀርም።

በሞተር ገና አልበረረችም። በአገራችን ሰው አልባ በራሪ ነገርን ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም፤ ገላንም በስተ ሰሜን ቦሌ፣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሰፈር ያሉበት ቦታ ስለሆነ ጥንቃቄው ተገቢ ነው እንላለን። ማመልከቻችንን አስገብተን መልስ እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ ክንፏ በኮሙናሉ ግድግዳ ላይ፣ ከእማማ በር በላይ ተሰቅሏል። የክብደቱን ደብተርና የስሌቱን ወረቀት ለማየት የሚፈልግ፣ በተለይም ቁጥሮቻችንን ለማረም የሚችል መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያው ያገኘናል።