ፍሪሲዮን የሚቆጥረው ሌላ ነው

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ስለ ሞተሩ የሆነ ነገር ይናገር ይሆናል፤ ስለ ፍሪሲዮኑ ግን የሚናገረው ትንሽ ነው። አንዱ መኪና በአንድ ዲስክ ከ150 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ፣ ሌላው አዲስ ዲስክ ገብቶለት 20 ሺህ ሳይሞላ ጋራዥ ይመለሳል። ባለንብረቱም ዕቃ ሻጩን ይራገማል። ዕቃው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በእኔ ግምት ግን ከሚወራው ያነሰ ነው።

ዲስኩ የሚቀመጠው በቮላኖውና በፕሬዠር ፕሌቱ መካከል ነው። እግር ከፔዳሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ሦስቱ ተጨብጠው እንደ አንድ አካል ይዞራሉ፤ በዚህ ሁኔታ መኪናው ከአዲስ ቅዳም ባሕር ዳር ድረስ ቢሄድ ዲስኩ አይፋቅም። የሚፋቀው ሞተሩ እየዞረ ጎማው ገና ባልደረሰበት በእነዚያ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ነው። ስለዚህ የፍሪሲዮን ዕድሜ የሚለካው በተጓዘው ርቀት ሳይሆን መኪናው ከቆመበት በተነሣባቸው ጊዜያት፣ ከዚያም በላይ እያንዳንዱ መነሻ በፈጠረው ሙቀት ነው።

የሙቀቱ ስሌት ብዙ ሾፌር ከሚገምተው ይከፋል። ሞተሩን በደቂቃ 1500 ዙር ላይ ይዞ ከመነሣት ይልቅ በ3000 ዙር የሚነሣ ሰው ዲስኩ ላይ የሚጭነው ሙቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በሁለተኛ ማርሽ መነሣትም እንዲሁ ነው፤ የአንደኛው ማርሽ ምጥነት የሁለተኛው 1.8 እጥፍ ቢሆን፣ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። የስፖርት መኪና ፍሪሲዮን ጠንካራ ስፕሪንግ ተሰጥቶት ሳለ ቶሎ የሚያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንደኛ ማርሹ ብዙውን ጊዜ ለፍጥነት የተመጠነ ነው፤ ገዢውም መኪናውን የወደደው በከፍተኛ ዙር ተስፈንጥሮ ለመነሣት ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ከሁለተኛ ባለቤት የሚገዛ ሰው ከብረቱ ጋር የቀድሞውን ባለቤት የእግር ልማድም ይገዛል።

በአዲስ ቅዳም በኩል የሚያልፈው የስፖርት መኪና ሳይሆን አይሱዙና ሚኒባስ ነው፤ ሕጉ ግን ያው ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ሰው ለማንሣትና ለማውረድ በየመንደሩ ይቆማል። በገበያ ቀን ደግሞ በሰው፣ በጋሪና በባጃጅ መካከል በግማሽ ፍሪሲዮን እየተንፏቀቀ ያልፋል። ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አይሱዙ በአንጻሩ የሚነሣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ መነሻው ግን ከባድ ነው። አዲስ ቅዳም ባለችበት በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለከሰል ያደርሳል። መኪናው ከአስፋልት ወርዶ ወደ ማሳው ሲገባ፣ በክረምቱ ጭቃ ጎማው ተቀብሮ ሾፌሩ ወደፊትና ወደኋላ ሲያወዛውዘው፣ አስፋልት ላይ የወራት ሥራ የሚሆን ሙቀት በአንድ ከሰዓት ዲስኩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። እዚያ ዳገት ላይ ከፊት ያለው ተሳቢ ሲቆም፣ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ የሚጠብቅ ሾፌር ገንዘቡን ወደ ሽታ እየለወጠ ነው።

ከፍታውም ድርሻ አለው። 2500 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ሾፌሩ ጉድለቱን የሚሞላው ነዳጅ ጨምሮ፣ ዙር ከፍ አድርጎ ነው። አራት እጥፉ ሙቀት በዚህ በኩልም ይገባል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው መኪኖቻችን ስላረጁና በእጃችንም ስለሚቆዩ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ገበያው አገር ውስጥ ባለው መኪና ላይ ሲሽከረከር፣ ብዙ እጅ ያለፈበት ፍሪሲዮን መግዛት የተለመደ ይሆናል።

አዲስ ዲስክ ቶሎ ካለቀ፣ ሌላ ዲስክ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ማን እንደበላው ነው። ከእግር ልማድ ቀጥሎ እኔ የምጠረጥረው የፔዳሉን ነፃ እንቅስቃሴ ነው። በእጅ በሚስተካከል ፍሪሲዮን ፔዳሉ መቋቋም ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ዲስኩ ሲሳሳ ይህ ባዶ መንገድ ይጠባል። ጨርሶ ሲጠፋ የፔዳሉን ግፊት የሚያስተላልፈው ኩሽኔታ ሁልጊዜ ፕሬዠር ፕሌቱን እየገፋ ስለሚቆይ ጭብጡ ይላላል፤ ሾፌሩ እግሩን ሳያሳርፍበት እንኳ ዲስኩ ይንሸራተታል። አንዱ መፋቅ ሌላውን ይወልዳል ማለት ነው፤ ማስተካከያው ግን የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

ከሞተሩ ኋላ የሚያንጠባጥብ ዘይት ዲስኩ ላይ ከደረሰ ደግሞ ማጽዳት አያድነውም። ባጃጅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእሱ ፍሪሲዮን ሸራዎች የሚሠሩት በዘይት ውስጥ ተነክረው ነው። ሆኖም ለመኪና የተሠራ፣ መፋተግን የሚቀንስ ቅመም ያለበት ዘይት ከተሞላበት እሱም መንሸራተት ይጀምራል። እዚህ ላይ ርካሽ ሆኖ የተገኘው ዘይት ውድ ይሆናል።

ለገዢ የሚበጀው ፈተና ቀላል ነው። ቀለል ያለ ዳገት ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን እስከ ታች መርገጥ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ዋጋው ላይም በዚያው መነጋገር ይቻላል። የእጅ ፍሬን ይዞ በሦስተኛ ማርሽ ለመነሣት የሚደረገው ሙከራም መንሸራተቱን ያሳያል፤ ሲደጋገም ግን ራሱ ያቃጥላል።

ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ዋናው የሥራ ዋጋ ተከፍሏል። ያን ጊዜ ዲስኩን ብቻ ቀይሮ መመለስ የሐሰት ቁጠባ ነው። ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፣ የዘይት ማገጃው ይታይ። ቮላኖው በሙቀት ሰማያዊ ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ከተሰነጣጠቀ፣ እንደ ዓይነቱ ቶርኖ ቤት ይስተካከል ወይም ይለወጥ፤ አዲስ ዲስክ በተበላሸ ገጽ ላይ እኩል አይቀመጥም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮችም ከባድ ጭነትና ጭቃ መንገድ ቢቀር፣ ዲስኩና ቮላኖው እስኪለማመዱ ጊዜ ያገኛሉ።