በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ማን ማን ነው? የሃምትራምክ ነዋሪዎችና የሕዝብ ቆጠራው ሣጥኖች

  

 በዛሬው ዝግጅታችን በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ወደምትገኝ ሃምትራምክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ እንወስዳችኋለን። ብዙዎቻችን ስለዚህች ከተማ የሰማነው «የሙስሊሞች ከተማ» እየተባለ ሲወራላት ነው። አንዱ ይህን የሚናገረው በኩራት፣ ሌላው ደግሞ በስጋት ነው። ለመሆኑ በከተማዋ የሚኖሩት እነማን ናቸው? ከየትስ መጡ? መንግሥትስ እንዴት ይቆጥራቸዋል? ሰው በምን ስም መቆጠሩ በኑሮው ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለን? እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

ከተማዋና ነዋሪዎቿ

ሃምትራምክ ከአምስት ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ፣ ዙሪያዋን ለማለት በሚቻል ሁኔታ በትልቋ የዲትሮይት ከተማ የተከበበች ናት። መጀመሪያ የጀርመን ተወላጅ ገበሬዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1910 የዶጅ ወንድማማቾች የመኪና ፋብሪካቸውን በዚያ ሲከፍቱ ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ። በዚያው ዓመት 3,559 የነበረው ነዋሪ በ1920 ወደ 48,615፣ በ1930 ደግሞ ወደ 56,268 አደገ። ከመጡት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ከፖላንድ የተሰደዱ ሠራተኞች ነበሩ። ቋንቋቸው በየሱቁ ይነገር፣ የከተማዋ ሹመትም በእጃቸው ነበር።

የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሻሻልና ለአውሮፓውያን ያደላ የነበረው ኮታ ሲነሳ፣ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። የመናውያን እዚያው የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ለመሥራት መጡ። ፋብሪካው በ1980 ቢዘጋም እነርሱ ቤተሰባቸውን እያስመጡ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ባንግላዴሾች ተከተሉ። ብዙዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ኖረው፣ የቤት ዋጋ ረከስ ያለበትን ቦታ ፍለጋ የመጡ ናቸው። በ1990ዎቹ ውስጥ ደግሞ ከጦርነት የሸሹ ቦስኒያውያን ደረሱ። ጥቁር አሜሪካውያን ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው በከተማዋ ይኖሩ ነበር።

የእነርሱ ታሪክ ግን በሐዘን የተሞላ ነው። ከተማዋ «የማደስ ፕሮጀክት» በሚል ቤታቸውን እያፈረሰች ስታስለቅቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1971 ዳኛ ዴሞን ኪት አድልዎ ተፈጽሟል ሲሉ ፈረዱላቸው። ይሁንና ተተኪዎቹ ቤቶች ተሠርተው ለማለቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። ፍርዱን ሳያዩ ያለፉ ስንት ይሆኑ?

የቁጥሩ ምስጢር

ወደ ሕዝብ ቆጠራው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የከተማዋ ነዋሪ 22,423 ነበር። በ2020 ደግሞ 28,433 ሆነ። በ2010ሩ ቆጠራ መሠረት ከመቶ 53.6 ያህሉ «ነጭ»፣ 21.5 ያህሉ «እስያዊ»፣ 19.3 ያህሉ «ጥቁር» ተብለው ተመዝግበዋል። የቀሩት በሌሎች መደቦች ውስጥ የገቡ ወይም ከአንድ በላይ ዘር የመረጡ ናቸው።

ይህንን ያነበበ ሰው «ታዲያ ከግማሽ በላዩ ፖላንዳዊ ነው ማለት ነው» ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ነገር ግን ስህተት ነው። በአሜሪካ መንግሥት አመዳደብ «ነጭ» ማለት ከአውሮፓ ብቻ ሳይሆን ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የመጣን ሰው ሁሉ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ከኢብ የመጣው የመናዊ፣ ከሳራዬቮ የመጣው ቦስኒያዊና የፖላንዳዊው የልጅ ልጅ በአንድ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። ባንግላዴሹ ከቻይናዊውና ከኮሪያዊው ጋር «እስያዊ» ይባላል። ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ መሆን ደግሞ ለብቻው ይጠየቅ የነበረ ጉዳይ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ሂስፓኒክም ነጭም፣ ወይም ሂስፓኒክም ጥቁርም ሊሆን ይችላል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ስለ ሃይማኖት አይጠይቅም። ማንም ሰው ሃይማኖቱን እንዲናገር እንዳይገደድ እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ተደንግጓል። በአገራችን በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት ቆጠራዎች ግን ብሔረሰብም ሃይማኖትም ተጠይቋል። እንግዲህ «ከሃምትራምክ ነዋሪ ግማሽ የሚበልጠው ሙስሊም ነው» የሚለው አባባል ከትውልድ አገርና ከመሳሰለው በመነሳት የሚነገር ግምት እንጂ በቆጠራ የተገኘ ቁጥር አይደለም። ግምትን ግምት፣ ቆጠራን ቆጠራ ብሎ መጥራት ደግሞ አማና ነው።

ትናንት «ነጭ አይደለህም»፣ ዛሬ «ነጭ ነህ»

ውድ አድማጮቻችን፣ የዚህ ጉዳይ አስገራሚ ገጽታ ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዜግነት የሚሰጠው «ነጭ» ለሆነ ሰው ብቻ ነው ይል ነበር። በ1870 ለአፍሪካ ተወላጆችም ተፈቀደ። በ1942 አሕመድ ሐሰን የተባለ የመናዊ በዚያው በሚሺጋን ዜግነት ሲጠይቅ፣ ዳኛው የቆዳውን ጥቁረትና የሙስሊሙን ዓለም ከአውሮፓ መራራቅ ጠቅሰው «ነጭ አይደለህም» በማለት ከለከሉት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በማሳቹሴትስ አንድ ሌላ ዐረብ «ነጭ ነህ» ተብሎ ተፈቀደለት። የዘር ገደቡ ፈጽሞ የተነሳው በ1952 ነው። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የመዝገቡ ስም ነው።

«ምን ችግር አለው፤ ነጭ ከተባሉ ተጠቀሙ እንጂ» የሚል ይኖራል። እስኪ አንድ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1999 በሃምትራምክ በተደረገ ምርጫ፣ መልካቸው ጠቆር ያለና ስማቸው የዐረብ የሚመስል መራጮች ዜጋ መሆናቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ተደርገው ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶ በ2000 ስምምነት ላይ ተደረሰ። በምርጫ ጣቢያው በር ላይ እነዚያን ሰዎች ማንም «ነጭ» ብሎ አልቆጠራቸውም!

በ2011 ደግሞ ከተማዋ የድምፅ መስጫ ወረቀቷን በቤንጋሊ ቋንቋ እንድታቀርብ በፌዴራል ሕግ ተገደደች። ይህም እንግሊዝኛ የማይችሉ ባንግላዴሻዊ እናቶችና አባቶች ተረድተው እንዲመርጡ የሚያግዝ ነው። የዐረብኛስ? ሕጉ የሚጠብቀው የሂስፓኒኮችን፣ የእስያውያንንና የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ነው። ዐረብኛ ተናጋሪው «ነጭ» በሚለው ውስጥ ስለተቆጠረ ይህ ግዴታ አይመለከተውም። እንግሊዝኛ የማታውቅ የመናዊት እናት ከባንግላዴሻዊት ጎረቤቷ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ቢኖርባትም መብታቸው እኩል አልሆነም። ሣጥን በኑሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ማለት ይህ ነው።

ይህን ለማስተካከል የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድ ውሳኔ አሳለፈ። በዚህም መሠረት «የመካከለኛው ምሥራቅ ወይም የሰሜን አፍሪካ ተወላጅ» የሚል ራሱን የቻለ መደብ እንዲጨመርና የዘርና የሂስፓኒክ ጥያቄዎች አንድ ላይ እንዲጠየቁ ተወሰነ። የታሰበውም ለ2030ው ቆጠራ ነው።

እኛንስ ይመለከተናል?

አዎን፣ ይመለከተናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወንድሞችና እህቶች በ2020ው ቆጠራ «ጥቁር» በሚለው ሥር ትውልዳቸውን እንዲጽፉ ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር። በቅጹ ላይ ለምሳሌነት ከቀረቡት ስሞች አንዱም «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ነው። «ጥቁር» የሚለውን ብቻ አመልክቶ ቦታውን ባዶ የተወ ሰው ኢትዮጵያዊ ሆኖ አይቆጠርም። በድሬዳዋና በአዲስ አበባ እንደምናውቃቸው፣ አባቱ የመናዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ ልጅስ የትኛውን ያመልክት? ከ2000 ወዲህ ከአንድ በላይ መምረጥ ስለሚፈቀድ፣ አባቱን ለመመዝገብ እናቱን መካድ የለበትም።

ታዲያ ከሃምትራምክ ምን እንማራለን? የከተማዋ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ባደረገው ምርጫ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት ሙስሊሞች ሆኑ፤ በ2021 ደግሞ በየመን የተወለዱት አሜር ጋሊብ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ይህ ለብዙዎች ደስታ ነበር። ነገር ግን ሥልጣን ደስታ ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነው። ትናንት ፖላንዳውያን ብዙ በነበሩበት ጊዜ ጥቁሩ ጎረቤት ተበድሏል። ዛሬ ብዙ የሆነው ወገንስ ጥቂት ለሆነው እንዴት ይፈርዳል? ለፖላንዳዊቷ አሮጊት፣ ለጥቁሩ ሠራተኛ፣ እርስ በርሱስ ለየመናዊውና ለባንግላዴሹ? የምንጠየቀው በዚህ ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ በነገድና በጎሳ መለያየታችን እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ በአላህ ዘንድ የሚያስከብረውም ተቅዋ መሆኑን ያስተምረናል። ሐበሻው ቢላል፣ ፋርሳዊው ሰልማንና ከሮማውያን አገር የመጣው ሱሀይብ (ረ.ዐ) በመዲና በአንድ ሰፍ ቆመው ሲሰግዱ ማንነታቸው አልተደበቀም፤ ከማንነታቸው የተነሳም አልተናቁም። መቆጠር መብታችን ነው፤ በትክክል መመዝገብም ጥቅማችን ነው። ነገር ግን መዝገቡ የጎረቤትን መብት አይጠብቅልንም፤ ያንን የምንጠብቀው እኛው ነን።

አላህ ብዙ ስንሆን ፍትሐዊ፣ ጥቂት ስንሆን ታጋሽ ያድርገን።