ድል በቁጥር ብቻ አይመዘንም
የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖችና ተጋጣሚዎቻቸው

በየጦር ክፍሉ ክበብ ውስጥ የስፖርት ወሬ በተነሣ ቁጥር ሳይጠየቅ የማይታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ከከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ሁሉ የበላዩ ማን ነው?» የሚለው ነው። አንዱ ጆ ሉዊስን፣ ሌላው ሮኪ ማርሲያኖን፣ ብዙው ደግሞ መሐመድ አሊን ይጠራል። ቀጥሎ ክርክሩ ወደ ቁጥር ያመራል። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፏል፤ አሊ ግን ከ61 ግጥሚያዎቹ በ5ቱ ተሸንፏል፤ ስለዚህ ማርሲያኖ ይበልጣል ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ የቆመውን ተጋጣሚ ሳይመረምሩ የሚሰጥ ፍርድ ገና ግማሽ ፍርድ መሆኑን ነው።

ለምርመራው ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል። አንደኛ፣ ተጋጣሚው በዚያች ሌሊት ስንት ዓመቱ ነበር? ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ምን ሠራ? ሦስተኛ፣ ሻምፒዮኑ የሚከብደውን ሰው ፈልጎ ገጠመው ወይስ ሸሸው? አንባቢያን እንዲያውቁልን የምንፈልገው፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ነው።

ግዙፉ ካርኔራ

ለአገራችን አንባቢ ቅርብ ከሆነው ምሳሌ እንነሣ። በጁን 25 ቀን 1935፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በማጓጓዝ ላይ ስለነበረ፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ነገሩን የሁለት ቦክሰኞች ጉዳይ ብቻ አድርገው አልተመለከቱትም። ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን እንደ ፋሽስት ኢጣሊያ ቆጠሩት። ካርኔራ ሉዊስን በክብደት ወደ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይበልጠው ነበር። ይሁን እንጂ በ6ኛው ዙር ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። ከሦስት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ የፋሽስት ጦር መረብን ተሻገረ።

ይህ ድል ለአገራችን ይቆረቆር ለነበረው ሕዝብ የሰጠው ኩራት ታላቅ ነበር። ነገር ግን ሚዛናችን እውነተኛ እንዲሆን ከፈለግን፣ ልባችን የሚወደውንም ድል በዚያው ሚዛን ላይ ልናስቀምጠው ይገባል። ካርኔራ በ1933 ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ ቢሆንም፣ ከቀደሙት ድሎቹ ብዙዎቹ ከወንጀለኞች ጋር የተሳሰሩ ሰዎች አስቀድመው የተስማሙባቸው እንደነበሩ በሰፊው ይታመናል። በ1934 ደግሞ ማክስ ቤር ደጋግሞ ጥሎ ማዕረጉን ወስዶበታል። ስለዚህ የሉዊስን ችሎታ የምንለካው ግዙፉን ካርኔራን በመጣሉ ሳይሆን፣ በኋላ ባደረገው ነው።

የሉዊስ ዘመን

ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ድረስ የሻምፒዮንነት ማዕረጉን 25 ጊዜ ተከላክሏል። ይህም በከባድ ሚዛን እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብር ነው። የሚነቅፉት ግን አሉ። ከዲሴምበር 1940 እስከ ጁን 1941 በነበሩት 7 ወራት ውስጥ በየወሩ አንዳንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 7 ጊዜ ተጋጥሟል። ጋዜጠኞችም ተጋጣሚዎቹን በየወሩ የሚቀርቡለት ምስኪኖች እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ቀልዱ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም የሰባተኛው ወር ተጋጣሚ ቢሊ ኮን ነበር። ኮን ከሉዊስ በ11 ኪሎ ግራም ያህል ቢያንስም፣ እስከ 12ኛው ዙር ፍጻሜ ድረስ በሁለት ዳኞች ነጥብ ይመራ ነበር። በ13ኛው ዙር ሊያበቃ ሁለት ሰኮንድ ሲቀረው በዝረራ ተሸነፈ። ከዚህም በላይ ሉዊስ በ1936 በ12ኛው ዙር በዝረራ ያሸነፈውን ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን ተመልሶ ገጥሞታል። በጁን 22 ቀን 1938 ሥራውን የጨረሰው በሁለት ደቂቃ ከአራት ሰኮንድ ነው። ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ወደ አሸነፈው ሰው የሚመለስ ቦክሰኛ፣ ሰባት ደካሞች ቢቆጠሩበትም ፈሪ አይባልም።

ከማኅደሩ ላይ የማይነበበው

ይህን ክፍል በተለይ የሠራዊቱ ባልደረቦች ባለቤቶች ልብ ብለው እንዲያነቡት እንሻለን። በ1942 ሉዊስ ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ ያገኘውን ገንዘብ፣ አንዱን ለባሕር ኃይል፣ ሌላውን ለምድር ጦር የመረዳጃ ተቋም ሰጠ። እነዚህም ተቋማት የወታደሩን ቤተሰብ በችግር ጊዜ የሚደግፉ ነበሩ። በዚያው ዓመት በተራ ወታደርነት ተመዘገበ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስም በየጦር ሰፈሩ እየተዘዋወረ ለወታደሮች የትርኢት ግጥሚያ አሳየ። ከጦርነቱ በኋላ ግን የግብር ዕዳ ተቆለለበት። ለመረዳጃው የሰጠው ገንዘብ ሳይቀር እንደ ገቢው ተቆጥሮ ግብር ተጠየቀበት። በ1949 ጓንቱን የሰቀለው ሰው ዕዳውን ለመክፈል እንደገና አጠለቀው።

እንግዲህ በኦክቶበር 26 ቀን 1951 ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር በዝረራ ያሸነፈው ሉዊስ፣ የ1938ቱ ሉዊስ አልነበረም። የ37 ዓመት፣ በዕዳ የተያዘ፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ነበር። ማርሲያኖ ራሱ በልጅነቱ ያደንቀው የነበረውን ሰው በመጣሉ ከግጥሚያው በኋላ ማልቀሱ ተነግሯል። ማኅደሩ ላይ የተጻፈው ግን «ማርሲያኖ ሉዊስን አሸነፈ» የሚል ብቻ ነው። በስም ታላቅ፣ በአካል ያረጀ ተጋጣሚ ማለት ይህ ነው።

አንበሳ ሲያረጅ

አበው «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ይላሉ። የከባድ ሚዛን ታሪክ ይህን አባባል በየዘመኑ ይደግመዋል። በ1980 ላሪ ሆልምስ አሊን ሲያሸንፈው አሊ 38 ዓመቱ ነበር። በ1988 ማይክ ታይሰን ሆልምስን በ4ኛው ዙር ሲዘርረው ሆልምስም በተራው 38 ዓመቱ ነበር። በ2002 ሌኖክስ ሉዊስ ታይሰንን በ8ኛው ዙር ሲጥለው ታይሰን 36 ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እያንዳንዱ አሸናፊ በማኅደሩ ላይ አንድ ታላቅ ስም ጨምሯል፤ ዳሩ ግን ማናቸውም ያንን ስም በጉልምስናው አልገጠሙትም።

ይሁን እንጂ ዕድሜን ብቻ ተመልክቶ መፍረድም ያሳስታል። ማርሲያኖ በ1952 ማዕረጉን የወሰደበት ጀርሲ ጆ ዎልኮት 38 ዓመቱ ነበር፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ዙር ማርሲያኖን ጥሎታል፤ በ13ኛው ዙር በዝረራ እስኪሸነፍም ድረስ በነጥብ ይመራ ነበር። በ1955 የገጠመው አርቺ ሙርም ወጣት አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ ሽንፈት በኋላ በቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነቱ ለዓመታት ቆይቷል። ጆርጅ ፎርማንማ በ1994 በ45 ዓመቱ የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮን ሆኗል። ሁለተኛው ጥያቄያችን ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሠራውን ካየን፣ ያረጀውን ከበሰለው መለየት እንችላለን።

የአሊ ተጋጣሚዎች

ወደ አሊ ስንመጣ ሚዛኑ በግልጽ ያጋድላል። እርግጥ በ1962 በአራተኛ ዙር ያሸነፈው ሙር በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። በ1966 በሦስት ዙር የጣለው ክሊቭላንድ ዊልያምስም፣ ከሁለት ዓመት በፊት በፖሊስ ጥይት ክፉኛ ቆስሎ የነበረ ነው። እነዚህን ከድሎቹ ላይ ብንቀንስ እንኳ የሚቀረው ብዙ ነው። በ1964 ሁሉም የፈራውን ሶኒ ሊስተንን በ22 ዓመቱ ገጠመ። ወደ ቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ከ1967 እስከ 1970 ከመድረክ ታግዶ ከቆየ በኋላም፣ ጆ ፍሬዘርን 3 ጊዜ፣ ኬን ኖርተንን 3 ጊዜ፣ ፎርማንን 1 ጊዜ ገጥሟል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ኖርተን በ1973 የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈው። ፎርማን ደግሞ ያንኑ ኖርተንን በ1974 በሁለት ዙር ጨረሰው፤ ፍሬዘርንም በ1973 በሁለት ዙር ውስጥ 6 ጊዜ ጣለው። በዚህ ስሌት ብንሄድ ፎርማን አሊን እንደ ገለባ ሊያበነው ይገባ ነበር። በኦክቶበር 30 ቀን 1974 በኪንሻሳ የሆነው ግን ሌላ ነው። 40 ጊዜ ተጋጥሞ ያልተሸነፈውን፣ የ25 ዓመቱን ፎርማን የ32 ዓመቱ አሊ በ8ኛው ዙር ዘረረው። «እገሌ እገሌን ካሸነፈ፣ የእገሌን አሸናፊም ያሸንፋል» የሚለው ሒሳብ በቦክስ መድረክ አይሠራም። የአንዱ ስልት ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ ይሆናል።

ፍርዳችን

ዘመናትን ስናወዳድር የሥርዓቱንም ልዩነት መዘንጋት አይገባም። በሉዊስና በማርሲያኖ ጊዜ በከባድ ሚዛን በአብዛኛው አንድ ሻምፒዮን ብቻ ነበር። በኋላ ግን አራት ድርጅቶች ማዕረግ ሰጪዎች ሆኑ፤ ሻምፒዮኖችም ሳይገናኙ ዓመታት ማሳለፍ ቻሉ። በከባድ ሚዛን አራቱንም ማዕረጎች ባንድ ጊዜ የጨበጠ ሰው የተገኘው ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ታይሰን ፉሪን ባሸነፈበት በሜይ 2024 ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ከባዱን ሰው የመሸሽና የመፈለግ ጉዳይ፣ ከቀድሞው ይልቅ በዚህ ዘመን ይበልጥ ይጠብቃል።

እኛ እንደምናየው በተጋጣሚዎች ጥራት አሊን የሚስተካከለው የለም። በዘመኑ ርዝመትና ወደ ተሸነፈበት ሰው ተመልሶ በመሄድ ሉዊስ ታላቅ ነው። ማርሲያኖንም ዘመኑ ባላመጣለት ተጋጣሚ ልንወቅሰው አይገባም። ማንም ሰው የሚወለድበትን ዘመን አይመርጥም፤ ከፊቱ ከቆሙት መካከል ብርቱውን መግጠም ግን የራሱ ምርጫ ነው። እርሱም በጊዜው ከነበሩት ብርቱዎች አንዱንም ሳይሸሽ፣ በ32 ዓመቱ በክብር መድረኩን ለቅቋል። ይህን ማድረግ ለሉዊስም ለአሊም አልሆነላቸውም።

ከእንግዲህ በክበብም ሆነ በቤት፣ ልጅ አባቱን «ማን ይበልጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባት ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት «ተጋጣሚው ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብሎ መልሶ ይጠይቀው። ጥያቄውን የለመደ ልጅ፣ ሲያድግ ስለ ሰዎች የሚነገረውን ሁሉ እንዳለ አይቀበልም።