ውሻ ነጐድጓድ ሲፈራ ማባበል ይገባልን?

በክረምት ነጐድጓድ ሲያጓራ፥ ነሐሴ 13 ቀንም ለቡሄ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፥ ጅብ የማይመልሰው ውሻችሁ ጅራቱን ሸጉጦ ከመደብ ሥር ሲገባ አይታችሁ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «አታባብሉት፤ ፍርሃት ይለምዳል» ይላል። ይጀግን ብሎ በዱላ የሚያስወጣውም አለ። አሳቡ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ለጮኸ ውሻ እንጀራ ከተጣለለት ነገም ለእንጀራው ሲል ይጮኻልና።

ነገር ግን ፍርሃት እንደዚህ ያለ ልማድ አይደለም። ውሻ ሲደነግጥ ልቡ በፍጥነት ይመታል፥ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፥ ለሐጩ ይዝረበረባል፥ የሚወደውን ምግብ ቢሰጡት እንኳ አይቀምስም። ይህን ሁሉ ጥቅም ፈልጎ አያደርገውም። ስለዚህ ጀርባውን ብታሻሹለት ፍርሃቱ አይባባስም። የሚያባብሰው ዱላው ነው፤ ድምፁንና ሕመሙን አንድ ላይ አያይዞ ስለሚይዝ፥ በሚቀጥለው ዝናብ ሰማዩንም ጌታውንም ይፈራል።

ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚወነጨፍ ነው። ሰው በሰኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይሰማል። ለልጆች ጨዋታ የሆነው ነገር ለእርሱ ቀላል አይደለም።

ደመናው መክበድ ሲጀምር ውሻውን ከታሰረበት ፈትታችሁ ጨለም ወዳለ ስፍራ አስገቡት፤ በሩንም ዝጉ። ታስሮ የሚደነግጥ ውሻ በገመዱ ሊታነቅ ይችላል፤ በጥሶ የሸሸም ከእብድ ውሻ ጋር ሊገናኝ ይችላል፥ በጎቻችሁም በዚያች ሌሊት ያለ ጠባቂ ያድራሉ። ወደ እናንተ ከተጠጋ ይተኛ፤ ዝግ ባለ ድምፅ አነጋግሩት። ከተደበቀበት ግን ጎትታችሁ አታውጡት፥ ልጆችንም አርቁ፤ የፈራ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል።

ማባበል ያረጋጋዋል እንጂ አያድነውም። ጅራፍን ለማስለመድ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ቀስ አድርጎ ያጩኸው፤ እናንተም ወዲያው ጉርሻ ስጡት። ሳይደነግጥ ከበላ በየቀኑ ጥቂት እየቀረባችሁ ቀጥሉ፤ መብላት ካቆመ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ነጐድጓድን ግን ማንም ቀስ በል ሊለው ስለማይችል ማስለመዱ አስቸጋሪ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ቡችላው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ዕድሜው ድረስ የቤትና የመንደር ድምፅ እየሰማ እንዲያድግ ማድረግ ነው።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ የድምፅ ፍርሃት ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚያልፍ መሆኑን ለገበሬው አስረዱ። ምንም ድምፅ ሳይኖር ጠባዩ የተለወጠ፥ መንጋጋው የተንጠለጠለ፥ መዋጥ ያቃተው ወይም ያገኘውን የሚናከስ ውሻ ግን የእብደት በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል አይነካም፤ ለእንስሳት ጤና ኬላ ይነገር። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።