ስካፎልዲንግ ላይ ሸራ ከመወጠራችሁ በፊት

ባዶ ስካፎልዲንግ ነፋስን ያሳልፋል። ሸራ ሲለብስ ግን ነፋሱ መውጫ ያጣና እንደ ጀልባ ሸራ ይገፋዋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 25 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ስለሚል አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንስልናል፤ ቢሆንም 10 በ10 ሜትር የሆነ ሸራ ላይ ወደ ሁለት ቶን ይደርሳል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ስካፎልዲንጉን ከሕንፃው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ነው፤ ሸራ ሲጨመር ማሰሪያውም መብዛት አለበት፣ ስሌቱም የመሐንዲስ ሥራ ነው። በሚስማርና በጥቁር ሽቦ በተያያዘ ባሕር ዛፍ ላይ ድፍን ላስቲክ መወጠርን እኔ አልፈቅድም። አቧራና ፍርስራሽ ለመያዝ ብቻ ከሆነ አረንጓዴው መረብ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ነፋስ ይይዛል፣ አቧራ ሲጠግብ ደግሞ ይብሳል።

ሥራው ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ከመከላከያው አግዳሚ ውስጥ ተቆሞ ይሠራል። ወደ ውጭ መንጠልጠል ግድ ከሆነ የደኅንነት ቀበቶው ከጠንካራ ነገር ጋር ይታሰር። ሸራውን በየቀለበቱ እሰሩ፤ ግማሹ ተፈትቶ የሚራገብ ሸራ የቀረውን ይቀደዋል። ለሸራ የተሠራው የላስቲክ ማሰሪያ ከልክ ባለፈ ነፋስ እንዲበጠስ ታስቦ ስለሆነ በሽቦ አትተኩት።

ስካፎልዲንጉ ሲፈርስ ደግሞ ሸራው ይቀድማል፣ ከሕንፃው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ይከተላል። ብዙ ቦታ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው።