መልሱ የቀረ ጥያቄ

አንድ ወላጅ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ በእጅ ስልኩ ሲልክ፣ ስልኩ ጥቂት ቆይቶ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» አለው እንበል። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ተማሪዎቻችን ይህን ሲጠይቁን «ኔትወርኩ ነው» ብለን ማለፍ አይገባንም።

ስልኩ የባንኩን መዝገብ ራሱ አይነካም፤ ሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨሩን ይጠይቃል እንጂ። ጥያቄው የሚቀርብበት ደንብ ኤፒአይ ይባላል። ይህም የመሥሪያ ቤት መስኮት ዓይነት ነው፤ ባለጉዳዩ ቅጹን ሞልቶ ያቀርባል፣ መልሱንም በዚያው ይቀበላል፣ መዝገቡ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ግን ማወቅ አያስፈልገውም። በድረ ገጽ ደንብ መሠረት መልሱ በቁጥር ይመጣል፤ 200 ተሳክቷል፣ 400 ጥያቄው በትክክል አልቀረበም፣ 401 ጠያቂው ማንነቱን አላስረዳም ማለት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን በዜሮክስ የምርምር ማእከል የሠሩትንና ሩቅ ያለን ሥራ ቅርብ እንዳለ አድርጎ የሚጠራውን ዘዴ በ1984 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ይሁን እንጂ ሩቅ ምንጊዜም ሩቅ ነው። ጥያቄው ሲሄድ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሰርቨሩ ሥራውን ሳይጨርስ ቆሞ ይሆናል፤ ወይም ገንዘቡ ተከፍሎ መልሱ ሲመለስ ጠፍቶ ይሆናል። ለጠያቂው ግን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ዝምታ ብቻ ነው። ቀሪ ሂሳብ መጠየቅ ቢደጋገም ጉዳት የለውም። ክፍያ ሲደገም ግን ወላጁ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

መፍትሔው መዝገብ ቤቶቻችን ከሚያውቁት የደብዳቤ ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። ስልኩ ለክፍያው ገና ከመላኩ በፊት የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ መልስ ካጣም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቁጥር ይደግማል። ሰርቨሩ ቁጥሩን መዝግቦት ከሆነ ዳግመኛ አይቆርጥም፤ የቀድሞውን መልስ ይልካል። ወላጁ ግን ተስፋ ቆርጦ ክፍያውን እንደ አዲስ ከጀመረ ቁጥሩም አዲስ ይሆናልና መከላከያው አይሠራም። ስለዚህ አስቀድሞ የሂሳብ መግለጫውን ቢያይ ይሻለዋል።

ይህን ለማስተማር ኮምፒዩተር አያስፈልግም (ብዙዎቻችንም የለንም)። አንዱ ተማሪ ከፋይ፣ ሌላው ደብተር ይዞ ከኋላ የተቀመጠ ሰርቨር፣ ሦስተኛው መልእክተኛ ይሁኑ። መልእክተኛው አንድ ጊዜ ሲሄድ፣ አንድ ጊዜ ሲመለስ ወረቀቱን እንዲደብቅ በጆሮው እንንገረው። ወረቀቱ የት እንደ ጠፋ ከፋዩን እንጠይቀው፤ መለየት ሲያቅተው ወረቀቱ ላይ ቁጥር አስጽፈን ጨዋታውን እንደግመዋለን።