ያውቁ ኖሯል? ቢጫዋ ካርድና የሐይቅ ጡረተኛ

ከሐይቅ ከተማ ወይም ከውጫሌ ወጥቶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ቀዬው ቢመለስ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም።

በሩን የከፈተለት አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚላት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በኪሱ ካለች፣ የመግቢያ ቪዛም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም በስሙ ያፈራል። ውጭ የተወለደች የልጅ ልጁም፣ አያቷ ኢትዮጵያዊ ነበርና፣ ካርዷን ማውጣት ትችላለች።

ባለካርዱ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፣ ማለዳ በሐይቁ ዳር ጋቢውን ደርቦ ለዓሣ አጥማጆቹ ሰላምታ የሚመልስ ሽማግሌ፣ ጎረቤቶቹ ለምርጫ ሲሰለፉ ቆሞ ያያል። ከካርዷ ገደቦች ሁሉ ለእኔ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። ድምፁን የሚሻ፣ አገሩ ገብቶ ኑሮውን መሥርቶ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል።

ውጭ አገር የሚኖሩ አረጋውያን ዘመዶች ካሉዎት፣ የድሮ ፓስፖርታቸውንና የልደት ማስረጃቸውን እንዳይጥሉ ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ ካርዷን ለማውጣት የትውልድ ማስረጃ ይጠየቃል።